ረጅሙ ቱቦ

ጥሩሐረግ ቱቦውን ከስፒከሩ ሳጥን ቀዳዳ መዝዛ አወጣችና መጋዙን እንደገና አነሣች። ክንዷ ዝሏል፤ የእንጨት ብናኝ ጉሮሮዋን ዘግቶታል።

«ቆይ፣ አትቁረጪው» አላት ወንድሟ እንዳለው። «ባሳጠርሽው ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል።»

እንዳለው ሰቆጣ ውስጥ ለሠርግና ለምርቃት የድምፅ መሣሪያ ያከራያል። እህቱ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ከቤት አልወጣም ስላለች፣ የስፒከር ሳጥን መሥራት ላስተምርሽ ብሎ ወደ ሱቁ አመጣት። ይኼኛው ሳጥን ደሃና ወረዳ ለሚደገስ ሠርግ ነው። የመኪና መንገዱ ካለቀበት በአህያ ስለሚጫን ትንሽ መሆን አለበት፤ ትንሽ ሳጥን ደግሞ ወፍራም ድምፅ አይሆንለትም።

ቱቦው ለዚህ እንደሆነ ደጋግሞ አስረድቷታል። ስፒከሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲመታ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ይገፋል፤ ቱቦው ልኩን ካገኘ ያ አየር በከንቱ አይቀርም፣ ወጥቶ ወፍራሙን ድምፅ ያግዛል። የጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ እንደሚጮኸው ነው። ለትንሽ ሳጥን ቱቦው ረዘም ይላል።

የከበሮ ዘፈን ከፈተና ይህን ረጅሙን ቱቦና ሌላ አጭር ቱቦ እየቀያየረ የትኛው እንደሚሻል ጠየቃት። አንድ ናቸው አለችው። ደግሞ ቀያየረና በግራዋ እንደተቀመጠ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት። አልመለሰችም። ሳጥኑን ብቻ ታያለች።

ትከሻዋን ሲነካት ደነገጠች።

ዘፈኑን አጠፋው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰሚው?»

«እሠራላት የነበረችው ማዳም በጥፊ መታችኝ። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ሲደክመኝ ቀኙም ይጮኽብኛል።» መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለእማዬ አትንገራት። ይኼንንም ሥራ ተወው፤ ጆሮ የሌለው ሰው ምን ያደርግልሃል?»

እንዳለው እህቱ ስትጠራ የማትሰማው ኮርታ ነው እያለ ሲያማት ነበር የሰነበተው። ረጅሙን ቱቦ አስገባ፤ ከበሮውን መልሶ ከፈተና እጇን ይዞ ቱቦው አፍ ላይ አደረገው።

በእያንዳንዱ ምት አየሩ መዳፏን ገፋው። አጭሩን ሲያስገባ ግን ነካ አድርጓት ብቻ አለፈ። ራሷ ረጅሙን መልሳ አስገባች፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን ሳታነሣ ቆየች።

«ይኼ ነው» አለች።

ኮላውን አንሥታ የቀዳዳውን ዙሪያ መቀባት ጀመረች። እንዳለው የተቀመጠበትን ዱካ ይዞ ተነሣ፤ በጀርባዋ ዞሮ በቀኟ በኩል ተቀመጠ፤ ቀጥሎ የሚሠሩትንም በዝግታ ይነግራት ጀመር።