የጋሼ ብርጭቆ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፤ የሦስተኛው ፎቅ ማቀዝቀዣ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ይከፈታል።

የሚከፍቱት ጋሼ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን። አንድ ወር በሕመም ከርመው ዛሬ መመለሳቸው ነው፤ ለእንግዳ ሲባል ከረባት አስረዋል። ከኋላቸው ፕሮፌሰሩ፣ ከፕሮፌሰሩ ጎን የድጎማ ሰጪው ድርጅት ገምጋሚ፣ ከሁሉ ኋላ ተመራማሪዋ።

ውስጡ የአራት መቶ ሕፃናት ሰገራ አለ። የአንጀት ባክቴሪያቸው ከውልደት ጀምሮ እንዴት እንደሚለዋወጥ ሊጠና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት የተለቀመ። "ይህን ሁሉ ተምረሽ የሰገራ ዘበኛ?" ትላታለች ተመራማሪዋን እናቷ። ለጎረቤት ግን "ምርምር ላይ ናት" ብላ ነው የምታልፈው። የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፑ ዛሬ ካልታደሰ ዘበኝነቱም የለም።

"መብራት ጠፍቶ ያውቃል?" ትጠይቃለች ገምጋሚዋ።

"ለአንዲት ደቂቃም አያውቅም!" ይላሉ ፕሮፌሰሩ። "ጄኔሬተር አለን። ሪፖርቱ ላይ ፈርመናል እኮ።"

ፈርመዋል። ከረጅሙ የበዓል ዕረፍት በተመለሰች ማግስት፣ መብራት ጠፍቶ የጄኔሬተሩም ነዳጅ አልቆ እንደነበር እያወቀች ተመራማሪዋም ፈርማለች። የማቀዝቀዣው ሰሌዳ ከዜሮ በታች ሰማንያ ይል ነበር። በሩን አልከፈተችም። ካልከፈቱት ምን ይታወቃል?

ጋሼ እጀታውን ይስባሉ። ነጭ ብርድ ወለሉ ላይ ይፈስሳል።

"ይቺ ብርጭቆ ደግሞ ምንድን ናት?" ትላለች ገምጋሚዋ።

የጋሼ ፊት ይፈካል። "እንኳን ጠየቁኝ፣ የኔ እመቤት! ውሃ አረጋና ሳንቲም አናቱ ላይ አስቀምጣለሁ። እኔ በሌለሁበት በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሙ ይሰምጣል፤ መልሶ ቢረጋም እዚያው ነው የሚቀር። ሰሌዳው የሚያወራው የአሁኑን ብቻ ነው፤ ትናንትን አያውቅም።"

"ጋሼ ከሚስታቸው ይልቅ ብርጭቆዋን ነው የሚያምኑት" ይላሉ ፕሮፌሰሩ። ገምጋሚዋ ትስቃለች። ፕሮፌሰሩም ይስቃሉ።

"ሚስቴስ አንዳንዴ ትዋሻለች።" ጋሼ አመዳዩን በእጅጌያቸው ጠርገው ብርጭቆዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርጋሉ። "ሳንቲም ግን..."

ሳንቲሙ ከሥር ነው። ከብርጭቆዋ ወለል ላይ ተለጥፎ፣ አራት ጣት ጥርት ያለ በረዶ ተሸክሞ።

ፕሮፌሰሩ ሰሌዳውን ያያሉ፤ አሁንም ሰማንያ ይላል። ተመራማሪዋ ጫማዋን ታያለች። ገምጋሚዋ እስክሪብቶዋን ትከድናለች።

ጋሼ ብርጭቆዋን ቀስ አድርገው ወደ ቦታዋ ይመልሳሉ።

"ልዝጋው" ይላሉ። "ቅዝቃዜው እንዳይወጣ።"