ብረት ያልገባበት ፉርጎ

ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ተሰብስበን ትንንሽ የመጫወቻ ባቡሮች እንገጣጥማለን። የፉርጎው ጣሪያ ከመጣበቁ በፊት ውስጡ ክብደት እንዲሰጠው ብረት ይደረጋል፤ ያለዚያ ቀሎ ከሐዲዱ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ግን ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ዌንደል ብረቱን ተወው። ታናሽ ወንድሙ ክሊት በልጅነቱ እውነተኛ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ ተደብቆ እንደ ሄደ ቀርቷል፤ ዌንደል ዛሬም ይጠብቀዋል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ነፋስ ልትጭን ነው?" አለው አጠገቡ የሚገጣጥመው ሃርላን።

"ለክሊት ቦታ ልተውለት ብዬ ነው።"

ጣሪያው ሲጣበቅ ሃርላን እየሳቀ ፉርጎውን ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ፉርጎው ብረት እንዳለበት ያህል መዘነ። ሳቁን አቆመ።

ዌንደል ፉርጎውን አንስቶ ሰጠኝ። "እስቲ አንተ ስማልኝ፤ የኔ ጆሮ ደክሟል።"

በልቤ ጸልዬ ጆሮዬን በፉርጎው ትንሽ በር ላይ አደረግሁ።

ከውስጥ አንድ ልጅ በቀስታ፣ "ዌንደል፣ ደረስን እንዴ?" አለ።