አጥንት የሌለው እራት

ጨው ጨምራለች ወይስ አልጨመረችም? ቡሩል ማማሰያውን እንደያዘች ብረት ድስቱ ላይ አፍጥጣ ቆማለች። ሥጋውን ስትጠብስ በሩ ተንኳኳ፤ ሽንኩርቱን ስትጨምር እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቷ ዞሯል።

መጀመሪያ የገቡት አባባ ቴሚርካን ናቸው፤ ቀጥለው አባባ ኦሮዝ። ወደ ናሪን ከተማ የሚወስደውን መንገድ በረዶ ዘግቶባቸው ነው ሁለቱም የመጡት። እርስ በርሳቸው የአጎት ልጆች፣ ለባሏ አጎቶች ናቸው። በአንድ ወር፣ በአንድ የተራራ ግጦሽ ላይ ተወለዱ፤ ማን እንደቀደመ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። በእሷ ሠርግ ላይ የታላቅ ድርሻ የሆነው የዳሌ አጥንት ለኦሮዝ ቀረበና ቴሚርካን ገበታውን ትተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። መንደሩ ደግሞ ጥፋቱን በእሷ ላይ ላከከ፤ ገደ ቢስ ሙሽራ ተባለች።

ዛሬ አማቷ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከተማ ናቸው። አብሯቸው ለሄደው ባሏ ትደውላለች።

"ኡላን፣ ለማን ልስጥ?"

"ምኑን?"

"አጥንቱን ነዋ!"

"የምን አጥንት? ትናንት የገዛሁልሽ ሥጋ አጥንት አለው እንዴ?"

የለውም። ለአንድ ሰው እራት የተገዛ ቀይ የበሬ ሥጋ ነው፤ ጣት ጣት አህሎ ተቆርጦ ከካሮቱ ጋር እየተንጨረጨረ ነው። ውኃ ትጨምርበታለች፤ በእጇ የቆረጠችውን ፓስታ እላዩ ላይ በትና ትከድነዋለች። ይህ ለእንግዳ ይቀርባል? ግራ ገብቷታል።

ድስቱን እንዳለ አምጥታ ምንጣፉ ላይ በተዘረጋው ጨርቅ መሃል ታስቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጥበው፣ ነጫጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"አጥንቱስ?" ይሏታል ቴሚርካን።

"የለውም፣ አባባ።"

"የለውም ማለት?"

"ሥጋ ብቻ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።"

"ታዲያ ማን ሊጀምር ነው?" ይላሉ ኦሮዝ፣ እሳቸውም ለእሷ።

አታውቅም። እነሱም አያውቁም። ሁልጊዜ ቢላዋ የሚያነሳው አጥንቱ የደረሰው ነበር፤ ሌላው ይከተላል። ቴሚርካን ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ኦሮዝ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ፓስታው እየቀዘቀዘ ነው። እነዚህ ሰዎች ሳይበሉ ከቤቷ ከወጡ ስሟ እስከወዲያኛው አለቀለት። ቡሩል እንባዋ መጣ።

"አንቺ ጀምሪ!" ይላሉ ቴሚርካን በድንገት።

"እኔ? እናንተ ሳትቀምሱ?"

"ያሉሽን አድርጊ፣" ይላሉ ኦሮዝ። "እኛ እስክንወስን በረሃብ ልናልቅ ነው።"

ሙሽራ ከሽማግሌ ቀድማ አትበላም። ቢሆንም በሹካ ታነሳለች። ሁለቱም አፍ አፏን ያያሉ።

"እህስ?"

መዋሸት አማራት። ግን እነሱም ይቀምሱታል።

"ጨው... ጨው የለውም።"

ጨው ማስቀመጫው ኦሮዝ ጉልበት ሥር ነው። ቴሚርካን እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አሁን የሚያዩት እሷን አይደለም።

"አቀብለኝ እንጂ፣ አንተ!"

ኦሮዝ ያቀብላሉ። "ብዙ አታድርግ። ደም ግፊትህን ረሳኸው?"

ቡሩል ሻይ ልትቀዳ ዞር ትላለች። ስትመለስ ሁለቱም እያላመጡ ነው። ማን እንደቀደመ አላየችም።