የቀዩ ድልድይ ገዢ

የጃፓኑ አትክልት ቦታ ሊሸጥ ነው የተባለ ቀን ሙሉወርቅ ምሳዋን መብላት አቃታት።

ኦሃዮ ውስጥ ከጋሃና ከተማ ወረድ ብሎ ያለውን ይህን ቦታ ድሮ ያለማው አንድ ጃፓናዊ ነው። ኩሬና ጎባጣ ጥዶች አሉት፤ በመካከሉም ትንሽ ቀይ ድልድይ። ባሏ በኮቪድ የሞተ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ፣ ለቅሶ የሚደርስ ጠፍቶ ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ድልድዩ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ጸለየችም። ያጽናናት ያ ድልድይ ብቻ ነው።

ልጇ ማራኪ የሰፈሩን ሰው አስተባብራ ቦታው እንዳይሸጥ በየቅዳሜው በሩ ላይ ሰልፍ ታስወጣ ጀመር። ገዢው ግን አልታወቅ አለ።

ጥርጣሬው ሲራክ ላይ አረፈ። ሲራክ ሪልተር፣ ቤትና መሬት አሻሻጭ ነው፤ የእነሱው ቤተ ክርስቲያን አባል። ማራኪ ድልድዩ አጠገብ መሬት ሲያስለካ በዓይኗ አይታዋለች። ሳቂታ ሰው ነው፤ ውሃም የሚወስደው እያሳሳቀ ነው አለች ሙሉወርቅ።

እሑድ ፓርኪንግ ላይ ያዘችው። ቤተ ክርስቲያናቸው የሚሰበሰበው በኪራይ አዳራሽ ስለሆነ ቦታው እንደ ወትሮው ተጨናንቆ፣ አከራዮቹም እንደ ወትሮው እያጉረመረሙ ነበር።

“ለማን ነው የምትሸጠው?”

“እትዬ፣ ኮንፊደንሻል ነው። ገዢዎቹ ዋጋ እንዳይጨመርባቸው ስማቸው እንዲወጣ አይፈልጉም።”

“ይሁዳም የሸጠው በድብቅ ነው።”

ሲራክ አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ሙሉወርቅ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ለጌታ ነገር የማትሰስት፣ የሰርግ አምባሯን እንኳ ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ አውልቃ የሰጠች ናት። ረቡዕ ጸሎት ላይ ተነሥታ፣ የገዢው ምክር እንዲፈርስ ጸልዩልኝ አለች። ጉባኤው ጮኾ ጸለየላት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ እሸቱ ግን “የጌታ ፈቃድ ይሁን” ብለው ቶሎ ዘጉት። ሲራክ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ለዘመድ አዳሉ ብላ በጣም አዘነችባቸው።

ቅዳሜ ሽያጩ ማለቁ ተሰማ።

“ኢትስ ኦቨር፣ ማም፤ በቃ አለቀ” አለች ማራኪ፣ መኪናውን እየነዳች።

በማግስቱ ሙሉወርቅ ልቧ እንደ ተሰበረ ከፊት ተቀመጠች። ጋሼ እሸቱ መድረክ ላይ ወጡ። ለዓመታት የተጸለየበት ነገር መመለሱን፣ ከእንግዲህ ኪራይ መቅረቱን፣ የራሳቸውን ቤት የሚሠሩበት መሬት መገዛቱን ተናገሩ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሙሉወርቅም ሐዘኗን ረስታ፣ ከሁሉ ቀድማ ብድግ አለችና አምባር በሌለው እጇ አፏን ከልላ እልል አለች።

እልልታዋን ሳትጨርስ ስክሪኑ በራ፤ ቀዩ ድልድይ ነበር።