የማራገቢያው ሽቦ

የኦቭኑ ማራገቢያ ቆሞ የሠርጉ ኬክ ባንድ ጎኑ አርሮባታልና፣ ባለ ኬክ ቤቷ ከጠጋኙ ከጋሽ መርዕድ አናት ላይ ቆማ አላስተነፍስ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቶሎ ይበሉልኝ! ስምንት ሰዓት ላይ ሊወስዱት ይመጣሉ።»

«ማሞቂያው ደህና ነው። የተቃጠለው የማራገቢያው ሽቦ ነው፤ እቀጥለዋለሁ። ሂጂና ቆጣሪውን አጥፊልኝ፣ ልጄ።»

ጓዳ ስትገባ፣ ቀን ከሌት የሚበራው አምፖል ጠፍቷል። ሠራተኛዋ ሰምታ ቀድማኛለች ብላ፣ ቆጣሪውን ሳትነካ ከበሩ ተመለሰች።

«ጠፍቷል፣ ጋሼ!»

ጋሽ መርዕድ ቴስተራቸውን ሽቦው ላይ አሳረፉ፤ አልበራም። ፒንሳ ፍለጋ እንዳያስቆያት ብለው፣ እንደ ልማዳቸው የሽቦውን ፕላስቲክ በጥርሳቸው ሊልጡ ነከሱት።

ይኼኔ የሰፈሩ ልጆች ከየደጁ በደስታ ጮኹ፦

«መብራት መጣ!»