ለዜቡሎን የተፈረመው ፎቶግራፍ

ክላይድ ሃርግሮቭና ሚስቱ ኔዲን ለመርከብ ሽርሽር የሚያስፈልጋቸው ዘጠኝ ሺህ ዶላር ነበር። ግማሹ በኔዲን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጧል። ግማሹ ገና በሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ቲኬቱ ሰኞ ካልተከፈለ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የፕሬዚዳንቶችን ፊርማ፣ ፎቶግራፍና ማስታወሻ የሚሰበስቡ ሰዎች ገበያ ደግሞ ቅዳሜ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይከፈታል። ኔዲን ከወዲሁ ለባሕር ዳርቻ የሚሆን ሰፊ ባርኔጣ ገዝታለች። እንቁላል ስትጠብስ እንኳ አታወልቀውም።

በዚህ ንግድ አንድ ሕግ አለ። ፕሬዚዳንት በፈረመበት ፎቶግራፍ ላይ «ለእገሌ» ተብሎ ስም ከተጻፈ ዋጋው ይወርዳል፤ የባዕድ ሰው ስም ሳሎኑ ውስጥ መስቀል የሚፈልግ የለም። ባለ ስሙ ራሱ ከመጣ ግን ዋጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ክላይድ በዚህ ሕግ ላይ ብዙ አስቧል። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ቀድመው የተመዘገቡ ጎብኚዎች ስም እንደ ክላይድ ላሉ ነጋዴዎች ይላካል። ዘንድሮ ከብዙዎቹ ጂሞችና ቦቦች መሐል አንድ ብርቅ ስም ነበረ፤ ዜቡሎን።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ክላይድ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸውን የአንድ ፕሬዚዳንት ፎቶግራፍ አወጣ። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ «ለውድ ወዳጄ ለዜቡሎን» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም በፕሬዚዳንቱ ስም ፈረመ። ኔዲን በፀጉር ማድረቂያዋ አደረቀችው።

«እንዴት ያለ እጅ ነው!» አለች። «አንተ ፕሬዚዳንት መሆን ነበረብህ።»

«ደመወዙ ትንሽ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ፎቶግራፉ በእነክላይድ መሸጫ ጠረጴዛ መሐል ቆመ። የምርጫ ዘመቻ አርማዎችን የሚሸጠው ጎረቤታቸው ሚሎ ዶናቱን እያኘከ አየው።

«ክላይድ፣ ይሄን አምና አላየሁትም።»

«አምና መነጽርህን ረስተህ ነው የመጣኸው።»

«ዘንድሮም ረስቼዋለሁ። ግን ቀለም ቀለም ይሸተኛል።»

«የሚሸትህ ዶናትህ ነው። ዝም ብለህ ብላ።»

አራት ሰዓት ላይ አንድ ረጅም ሰው በደረቱ «ዜቡሎን» የሚል የስም ካርድ አንጠልጥሎ መጣ። ወዲያ ወዲህ ሳይል ጠረጴዛውን አልፎ ሄደ። ኔዲን ባርኔጣዋን አውልቃ እግሩ ሥር ወረወረችው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነሳው። «እሜቴ፣ ባርኔጣ ወደቀ...» ቃሉን አልጨረሰም። ዓይኑ ፎቶግራፉ ላይ ቀረ። «ይሄ... ይሄ የኔ ስም ነው!»

«ምን ይላሉ! እውነት ዜቡሎን ነው ስምዎ?» አለ ክላይድ፣ ካርዱን ያላየ መስሎ።

«በዚህ ስም ትምህርት ቤት ስንት ኩርኩም ቀምሻለሁ! ስንት ነው?»

«አራት ሺህ አምስት መቶ።»

ሚሎን ዶናቱ አነቀው።

ሰውየው ከኪሱ አጉሊ መነጽር አወጣ። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ቀስ እያለ ሄደ። ኔዲን ባርኔጣዋን ከሰውየው እጅ ወስዳ እስከ አገጯ አወረደችው።

«ይሄ ቀለም...» አለ ሰውየው።

«አቤት?»

«እንዴት ያለ ቀለም ነው! ትናንት የተጻፈ እኮ ነው የሚመስለው!»

«ጨለማ ቦታ ነው የኖረው» አለ ክላይድ፤ ላቡን ጠረገ።

ሰውየው ኪሶቹን ሁሉ ገለበጠ። ከስልሳ ዶላር በላይ አልተገኘም። ቼክ ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቀ፤ ኔዲን ከባርኔጣው ሥር «በጭራሽ» አለች። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመለሰና ከከረጢቱ አንድ ደብዳቤ አወጣ። ሥልጣን በያዙ በወሩ የሞቱት ፕሬዚዳንት፣ በዚያችው ወር የፈረሙበት ነው።

ክላይድ ከወንበሩ ተነሣ። የእኒያን ሰው የአንድ ወር ፊርማ የሚያገኝ ሰብሳቢ ከመቶ አንድ የለም። ሃያ ሺህ ቢሉት የሚከፍል አለ።

«የአያቴ ነው» አለ ሰውየው። «እዚያ ጥግ ያለው ነጋዴ ዘጠኝ ሺህ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ልሽጥለትና ብሩን ይዤ ልመለስ?»

«ምን ያደክምዎታል!» ክላይድ ክንዱን ያዘው። «ደብዳቤውን ለኔ፣ ፎቶግራፉን ለእርስዎ፣ ልዩነቱን ደግሞ አሁኑኑ በጥሬው።»

ኔዲን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣበቀች። «ክላይድ! የመርከቡን?»

«የኔ ማር፣ በዚህ ደብዳቤ መርከቡን ራሱን እንገዛዋለን።»

«እንግዲያስ ይመርምሩት እንጂ» አለ ሰውየው፤ አጉሊ መነጽሩን በደብዳቤውና በፎቶግራፉ መሐል አስቀመጠ። «እርስዎ ሲጨርሱ እኔም ፎቶግራፉን አንዴ እደግመዋለሁ። አይጠገብም።»

ክላይድ መነጽሩን አየው። ፎቶግራፉን አየው። ከዚያ መነጽሩን በአንድ ጣቱ ወደ ባለቤቱ ገፋው።

«በወዳጆች መሐል ምን መነጽር ያስፈልጋል!»

ኔዲን ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠች። ሰውየው ፎቶግራፉን ሳመና አቅፎት ወጣ። በሩ ሲዘጋ ክላይድ ሚስቱን ወገቧን ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሐል አሽከረከራት፤ ባርኔጣው በሮ ሚሎ ራስ ላይ አረፈ።

«ምን ነካችሁ?» አለ ሚሎ።

«ባሕር!» አለች ኔዲን። «ባሕር ነው የነካን!»

ሰውየው መኪናው ውስጥ ገብቶ የስም ካርዱን ከደረቱ አወለቀ፤ ፎቶግራፉን በኋላው ወንበር ላይ፣ በሌሎች ከተሞች በተመዘገበባቸው ስሞች ለኢካቦድ፣ ለሊሳንደር፣ ለአዶኒራምና ለማቱሳላ በተፈረሙት ፎቶግራፎች ላይ ደረበው፤ ከዚያም ከአራት ሺህ አምስት መቶው ላይ ለመግቢያ አሥራ አምስት፣ ለደብዳቤው ወረቀትና ቀለም ሰባት ዶላር ቀንሶ የዕለቱን ትርፍ አራት ሺህ አራት መቶ ሰባ ስምንት አገኘው።