የአባቷ እጆች

የሞተ ሰው ፊት በአርባኛው ቀን ከፊልምም ከፎቶም ላይ እንዲጠፋ ሕግ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ትርሲት በርካሽ ካሜራዋ ለአጫጭር ፊልሞች ውድድር የምትቀርጸው አባቷን፣ ልብስ ሰፊውን አቶ ወንድይራድን ነበር። ሐኪሙ ከአንድ ወር በላይ እንደማይቆዩ ለእሷ ብቻ ነግሯታል፤ ፊልሙ የሚታየው ግን ከአራት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ እጃቸውን ብቻ ትቀርጽ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን አባቷ መርፌውን አስቀምጠው፣ «ፊቴን የማትቀርጪው አስቀያሚ ሆኜ ነው?» አሏት።

«አይደለም አባባ» አለች፤ ካሜራውን ግን ከእጃቸው ላይ አላነሳችም።

ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርጋቸውን ፎቶ አዩ። አጠገባቸው የቆመችው ሟች ሚስታቸው ቬሎ እንጂ ፊት የላትም።

«ገባኝ» አሉ። «እንግዲያው ምላጭ አምጪልኝ፤ መጀመሪያ ጥፍሬን ልቁረጥ።»